የሐኪሙ እጅና የአራሷ ሞት

በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ብዙ ነፍስ ያጠፉ ነገሮች ሲቆጠሩ ጦርነት፣ ረኃብና ወረርሽኝ ይነሣሉ እንጂ የሐኪም እጅ አይነሣም። ሐኪም ማለት በጭንቅ ጊዜ የምንጠራው፣ ከፈጣሪ ቀጥሎ ተስፋ የምንጥልበት ሰው ነውና፣ በእጁ ሞትን ተሸክሞ ወደ አልጋችን ይመጣል ብሎ ማሰብ ለኅሊና ይከብዳል። ይሁን እንጂ የሕክምና ታሪክ በቅንነት ከተጻፈ ይህን ምዕራፍ ሊዘልለው አይችልም። ሰዎች ለመዳን በገቡበት ቤት፣ ይዘውት ባልገቡት በሽታ ሲሞቱ ኖረዋል፤ ዛሬም ይሞታሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት እንደ ተገለጸው፣ ለአጣዳፊ ሕክምና ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን መካከል በባለጸጎቹ አገሮች 7ቱ፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 15ቱ፣ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ይይዛቸዋል። እንዲህ ከተያዙት ከ10ሩ አንዱ ይሞታል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ስደት ባደረሰኝ አገር፣ በአንድ ሆስፒታል የጽዳት ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ፣ ከሥራ መልስም የታሪክ መጻሕፍትን ማገላበጥ የማይሰለቸኝ ሰው ነኝ። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። እጅን በሚገባ መታጠብ ሕይወት እንደሚያድን በቁጥር ተደግፎ ከተነገራቸው በኋላ፣ የተማሩና ቅን የሆኑ ሰዎች ስለ ምን አሻፈረን አሉ? መልሱ በተለምዶ «አለማወቅ ነው» ይባላል። እኔ ግን እንዲያ አይመስለኝም። ታሪኩን ከሥሩ ስንመረምረው፣ መንገዱን የዘጋው አለማወቅ ብቻ ሳይሆን ማወቅ ይዞት የሚመጣው ዕዳ ጭምር እንደ ነበረ እናያለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» የሚል ካልተከተላቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሆስፒታል፣ ሁለት ክፍል

ታሪኩ የሚጀምረው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ነው። የቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል በ1840ዎቹ ዓመታት ከአውሮፓ ታላላቅ ሆስፒታሎች አንዱ ነበር። ድሆች ሴቶች በነጻ የሚወልዱበት የማዋለጃ ቤትም ነበረው፤ በነጻ መገላገላቸው ግን ዋጋ ነበረው፤ ለተማሪዎች መማሪያ ይሆናሉ። የማዋለጃው ቤት በሁለት የተከፈለ ነበር። ከ1840 ጀምሮ በአንደኛው ክፍል የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ክፍል ደግሞ አዋላጅ ለመሆን የሚማሩ ሴቶች እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ነፍሰ ጡሮቹ በቀን ተራ ነበር የሚመደቡት፤ ዛሬ የመጣችው ወደ አንደኛው፣ ነገ የምትመጣዋ ወደ ሁለተኛው።

እንግዲህ ሁለቱ ክፍሎች ግድግዳቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ፣ አየራቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሞታቸው አንድ አልነበረም። ከ1841 እስከ 1846 ባሉት ዓመታት በሐኪሞቹ ክፍል ከሚወልዱት 100 ሴቶች 10 ያህሉ «የአራስ ትኩሳት» በሚባለው በሽታ ይሞቱ ነበር። በአዋላጆቹ ክፍል የሚሞቱት ከ4 አይበልጡም። በ1846 ልዩነቱ ይበልጥ ሰፋ፤ በአንደኛው 11.4 ከመቶ፣ በሁለተኛው 2.8 ከመቶ። ሴትዮዋ በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ትኩሳቱ ይነሣል፣ ሆዷ ያብጣል፣ ከዚያም ጡት የሚጠባ ልጇን ትታ ትሄዳለች።

ከሐኪሞቹ አስቀድመው እውነቱን ያወቁት የቪየና ድሆች ሴቶች ነበሩ። ወደ አንደኛው ክፍል ተመድበሻል የተባለች ሴት ተንበርክካ እያለቀሰች ወደ ሁለተኛው ውሰዱኝ ትል ነበር። መንገድ ላይ ወልደው ሕፃኑን አቅፈው ወደ ሆስፒታሉ የሚገቡም ነበሩ። የሚያስገርመው ነገር ደግሞ፣ በጎዳና የወለዱት በሐኪሞች እጅ ከወለዱት ይልቅ በሕይወት ይተርፉ ነበር። ይህን ሁሉ ግን የሚሰማቸው አልነበረም፤ ፊደል ያልቆጠሩ ድሆች ሴቶች ስለ በሽታ ምን ያውቃሉ?

ሐኪሞቹ በበኩላቸው የራሳቸው ማብራሪያ ነበራቸው። በሽታው ከአየሩ ነው፣ ከመሬቱ ትንፋሽ ነው፣ ከሰማይ አካላት ተጽዕኖ ነው ይሉ ነበር። ይህን ሰምተን ለመሳቅ አንቸኩል። እኛም ብንሆን «ምች መታኝ»፣ «መጋኛ ወጋኝ» እያልን ያደግን ነን። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታት «የኅዳር በሽታ» መታሰቢያ ነው እየተባለ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተከምሮ ሲቃጠልና ከተማው ሲታጠን አይተናል። ክፉ አየር በሽታ ያመጣል የሚለው እምነት የዓለም ሁሉ እምነት ነበር። ችግሩ ግን በቪየና አየሩ ሁለቱንም ክፍሎች እኩል የሚነካ መሆኑ ነበር።

ይህ ነገር እንቅልፍ የነሣው ሰው ኢግናዝ ዜመልቫይስ ይባላል። በ1818 ቡዳ በምትባለው የሃንጋሪ ከተማ ተወልዶ፣ በ1846 በ28 ዓመቱ የአንደኛው ክፍል ረዳት ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ዜመልቫይስ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ይጥል ጀመር። መጨናነቅ ነው እንዳይባል፣ የተጨናነቀው ሴቶቹ የሚሻሙበት ሁለተኛው ክፍል ነው። ሴቶቹ ሲወልዱ የሚተኙበት አኳኋን ይሆን ብሎ በጎናቸው እንዲወልዱ አደረገ፤ ለውጥ የለም። ለሟች ቁርባን ሊያቀብል የሚመጣው ቄስ ቃጭል እያስደወለ በአንደኛው ክፍል ሲያልፍ ሴቶቹ ፈርተው ይሆን ብሎ ቄሱ ያለ ቃጭል በሌላ መንገድ እንዲገባ ለመነ፤ አሁንም ለውጥ የለም።

በማርች 1847 ወዳጁ የነበረው የአስከሬን ምርመራ መምህር ያኮብ ኮሌችካ ሞተ። አስከሬን ሲመረምር ከተማሪዎቹ የአንዱ ቢላ ጣቱን ወግቶት ነበር። ዜመልቫይስ የወዳጁን የአስከሬን ምርመራ ውጤት ሲያነብብ፣ በሰውነቱ ውስጥ የተገኘው ጉዳት በአራሶቹ ሰውነት ውስጥ ዘወትር ከሚያየው ጋር አንድ ሆነበት። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠለት። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት በሬሳ ቤት አስከሬን ሲከፍቱ ያረፍዱና፣ በዚያው እጃቸው ወደ ማዋለጃው ክፍል ገብተው ሴቶቹን ይመረምራሉ። የአዋላጅነት ተማሪዎች ግን አስከሬን አይነኩም። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነበር። ሞትን ከሬሳ ቤት ወደ አራስ አልጋ የሚያጓጉዘው የሐኪሙ እጅ ነበር።

በሜይ 1847 አጋማሽ ዜመልቫይስ ትእዛዝ አወጣ። ማንም ወደ ክፍሉ የሚገባ ሐኪም ወይም ተማሪ በክሎሪን ኖራ ውኃ፣ እኛ በረኪና ከምንለው ጋር በሚቀራረብ ነገር፣ እጁን ይታጠብ። በኤፕሪል ወር ከ100 እናቶች 18 ሞተው ነበር። በጁን 2.2፣ በጁላይ 1.2 ሆነ። በተከታዩ ዓመት በ1848 በማርችና በኦገስት ወራት በዚያ ክፍል አንዲትም እናት በአራስ ትኩሳት አልሞተችም። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ በዘመኑ ከየት ይመጣል?

መታጠብ ማመን በሆነበት ጊዜ

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ በኋላ ሆስፒታሉ ዜመልቫይስን የሸለመው፣ አውሮፓም ሁሉ እጁን የታጠበ ይመስልዎ ይሆናል። የሆነው ሌላ ነው። እርግጥ ነው፣ በቪየና ከነበሩት ስመ ጥር ሐኪሞች ጥቂቶቹ ደግፈውታል። አለቃው ዮሐን ክላይን ግን አልተቀበለውም፤ የሥራ ዘመኑም ሲያበቃ አልታደሰለትም። በ1850 ቪየናን ትቶ ወደ ሃንጋሪ ተመለሰ። በአውሮፓ የታወቁት የማዋለድ ሊቃውንት አብዛኞቹ አሳቡን ናቁት ወይም ዝም አሉት።

ለተቃውሞው ብዙ ምክንያት ይሰጣል። ተሕዋስያን በሽታ እንደሚያስከትሉ ገና በቤተ ሙከራ አልተረጋገጠም ነበር፤ ስለዚህ ዜመልቫይስ እጅን መታጠብ ስለ ምን እንደሚሠራ አጥርቶ ማስረዳት አልቻለም። ራሱም ጥፋት ነበረበት፤ ግኝቱን በመጽሐፍ እስከ 1861 ድረስ አላሳተመም፤ ካሳተመ በኋላ ደግሞ የማይቀበሉትን ሊቃውንት በግልጽ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች እያለ ይወርፋቸው ጀመር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ ሁሉ በታች ግን አንድ ከባድ ነገር ተቀምጧል።

ጲላጦስ በሕዝቡ ፊት እጁን የታጠበው ለምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከዚያ ደም ነፃ ነኝ ለማለት ነበር። በቪየና ግን እጅን መታጠብ ትርጉሙ ተገለበጠ። ዛሬ በክሎሪን ውኃ የሚታጠብ ሐኪም፣ ትናንት ሳይታጠብ የነካቸውን ሴቶች ያስባል። ዛሬ መታጠቡ የሚያድን ከሆነ ትናንት አለመታጠቡ ገድሏል ማለት ነው። ስለዚህ ያ የውኃ ሳህን የኑዛዜ ወንበር ነበር። መታጠብ ማመን ነበር።

ይህን ያመኑትም ዋጋ ከፍለውበታል። ዜመልቫይስ ራሱ አስከሬን በትጋት የሚመረምር ሐኪም ነበርና፣ በእርሱ ምክንያት ያለ ጊዜያቸው ወደ መቃብር የወረዱትን ሴቶች ቁጥር እግዚአብሔር ብቻ እንደሚያውቅ በመጽሐፉ ውስጥ ተናዟል። በጀርመን በኪል ከተማ የነበረው ጉስታቭ አዶልፍ ሚካኤሊስ ደግሞ የዜመልቫይስን አሳብ ቀድመው ከተቀበሉት ሐኪሞች አንዱ ነበር። እርሱ ያዋለዳት የቅርብ ዘመዱ በአራስ ትኩሳት ሞታበት ስለ ነበር፣ ገዳይዋ የራሱ እጅ መሆኑን ሲረዳ ኅሊናው አላስቀምጠው አለ። በኦገስት 1848 ራሱን በባቡር ፊት ጥሎ ሞተ። እንግዲህ በአንድ ወገን በማመን የሚመጣ ጸጸት፣ በሌላው ወገን በመካድ የሚገኝ ሰላም ነበር። ብዙዎቹ ሰላሙን መረጡ፤ ዋጋውን ግን አራሶቹ ከፈሉ።

ከቪየና በፊትም ቢሆን ነገሩ ተደጋግሞ ተነግሯል። በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ ሐኪም የነበረው አሌክሳንደር ጎርደን በ1795 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሽታውን ከአራስ ወደ አራስ የሚያደርሱት አዋላጆችና ሐኪሞች መሆናቸውን፣ እርሱም ራሱ ለብዙ ሴቶች እንዳስተላለፈ በግልጽ ጻፈ። አዋላጆቹንም በስም ጠቀሰ። የከተማው ሰው ተቆጣበት፤ ጎርደንም አበርዲንን ትቶ ወደ ባሕር ኃይል አገልግሎቱ ተመለሰ። በአሜሪካ ደግሞ የቦስተኑ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በ1843 ተመሳሳይ ጽሑፍ ሲያወጣ፣ በፊላዴልፊያ የነበሩ ታላላቅ የማዋለድ መምህራን ተዘባበቱበት። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው፤ ተረቱ የተነገረው ለበሽተኛው ነበር፤ ለሐኪሙም እንደሚሠራ ግን ታሪክ አሳይቷል።

የዜመልቫይስ መጨረሻ ያሳዝናል። በ1865 አእምሮው ታውኳል ተብሎ ቪየና አጠገብ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ተቆለፈበት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም በኦገስት 13 በ47 ዓመቱ ሞተ። የሞተው ቁስሉ መርቅዞ ደሙ ተመርዞ ነው፤ ይኸውም ዕድሜውን ሙሉ ሲዋጋው ከኖረው በሽታ ጋር በዓይነቱ አንድ ነበር።

ከካርቦሊክ አሲድ እስከ ላስቲክ ጓንት

እርሱ ከመሞቱ አንድ ቀን አስቀድሞ፣ በኦገስት 12 ቀን 1865፣ በግላስጎው ሆስፒታል ጆሴፍ ሊስተር የተባለ ቀዶ ሐኪም፣ የጋሪ ጎማ እግሩን ሰብሮ ሥጋውን የቀደደበትን ጄምስ ግሪንሊስ የተባለ የ11 ዓመት ልጅ ቁስል በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ስብራት ብዙውን ጊዜ እግርን በመቁረጥ ወይም በሞት ይጠናቀቅ ነበር። ልጁ ግን በ6 ሳምንት ውስጥ ዳነ። ሊስተር የሉዊ ፓስተርን የተሕዋስያን ጥናት አንብቦ ስለ ነበር፣ ዜመልቫይስ ያጣውን «ለምን» ይዞ ተነሣ። ፓስተርም በ1879 በፓሪስ የሕክምና ጉባኤ፣ በአራስ ትኩሳት ምክንያት ላይ ክርክር ሲነሣ፣ እንደ መቁጠሪያ የተሰካካውን ተሕዋስ በሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳየ።

ልብ ማለት የሚገባን፣ የሊስተር ትምህርት ከዜመልቫይስ ይልቅ የተደመጠው ማስረጃው ስለ በለጠ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሊስተር ጠላቱን ከሐኪሙ ውጭ አስቀመጠው፤ ጥፋተኛው በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ሆነ። ሐኪሙ ነፍሰ ገዳይ መባሉ ቀርቶ አዳኝ ወታደር ተባለ። ሰው ጥፋቱን ሳይናዘዝ መንገዱን የሚያቀናበት በር ሲከፈትለት ፈጥኖ ይገባል።

ከዚህ ቀደም ብሎ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ሌላ ትምህርት ተገኝቶ ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በኖቬምበር 1854 ኢስታንቡል አጠገብ ስኩታሪ በሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ስትደርስ፣ ወታደሮቹ ከጥይት ይልቅ በተቅማጥና በተስቦ ያልቁ ነበር። በፌብሩዋሪ 1855 ከታከሙት 100 ወታደሮች 42 ያህሉ ሞቱ። በማርች የንጽሕና መርማሪዎች መጥተው በሕንጻው ሥር የተከማቸውን ፍሳሽ አስጠረጉ፣ አየር ማስገቢያ አስከፈቱ። በጁን የሚሞተው ከ100 ሁለት ሆነ። ናይቲንጌል ከጦርነቱ በኋላ እነዚህን ቁጥሮች መዝግባ፣ በሥዕል አስይዛ፣ ለመንግሥት አቀረበች። ቁጥር አያፍርም፤ ሰው አይቶ እንዳላየ ያለፈውን ቁጥር ያወጣዋል።

የላስቲክ ጓንት ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በ1889 መጨረሻ ገደማ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ዊልያም ሃልስቴድ የተባለው ቀዶ ሐኪም ዋና ነርሱ የነበረችው ካሮላይን ሃምፕተን እጇ በማጽጃው መድኃኒት ቆስሎ ሥራዋን ልትተው ደረሰች። ለእርሷ ብሎ ቀጭን የላስቲክ ጓንት አሠራላት፤ በ1890ም አገባት። ጓንቱ የተሠራው ለሕሙሙ ሳይሆን ለነርሷ እጅ ነበር፤ በሽተኛውንም ከሐኪሙ እጅ እንደሚጠብቅ የታወቀው ቆይቶ ነው።

ማንቆርቆሪያ የያዘው ልጅ

በአገራችን ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ከቤቱ ልጆች አንዱ ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዞ፣ ፎጣ በክንዱ ጥሎ፣ ከታላቁ ጀምሮ ሁሉንም ያስታጥባል። በዚያ ሰዓት ደጃዝማቹም ቄሱም መምህሩም ለልጁ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ «እደግ» ብለው ይመርቁታል እንጂ፣ «እጄ ቆሻሻ ነው አልክ?» ብሎ የሚቆጣ የለም። ከሁሉ የሚያንሰው ከሁሉ የሚበልጠውን ያስታጥባል፤ ማንም ክብሩ ተነካ አይልም። እኔ የሆስፒታልን ንጽሕና ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ሥርዓት ይታወሰኛል። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሆስፒታል በብዙ ድካም ሊገነባው የሞከረው ይህንኑ ነውና፦ ታናሹ ታላቁን ታጠብ የሚልበትን፣ ታላቁም የማይቆጣበትን ሥርዓት።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ሰው በሽታው ድል ሆነ ብሎ ነበር። ነገር ግን ስታፊሎኮከስ የተባለው ተሕዋስ ፈጥኖ መድኃኒቱን ለመደው፤ በ1959 ሜቲሲሊን የተባለ አዲስ መድኃኒት ወጣ፤ በ1961 እርሱንም የሚቋቋም ዝርያ በእንግሊዝ አገር ተገኘ። በመድኃኒት መመካት አልበቃም። በ1959 በእንግሊዝ አገር በቶርኪ ከተማ፣ ሥራዋ ኢንፌክሽንን መከታተልና መቆጣጠር ብቻ የሆነ ነርስ ተመደበች። ይህ ዓይነት ሥራ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ተለምዷል።

በ1990ዎቹ ደግሞ በስዊዘርላንድ በጄኔቫ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዲዲየ ፒቴ የሚመራው ቡድን ቀላል ነገር አስተዋለ። ነርሶች በየደቂቃው ወደ ቧንቧ እየሄዱ ይታጠቡ ቢባል ጊዜው አይበቃቸውም። ስለዚህ የእጅ ማጽጃ አልኮል በየአልጋው ተቀመጠ። ከ1994 እስከ 1997 ባለው ጊዜ ሠራተኛው እጁን የማጽዳት ልማዱ ከ48 ወደ 66 ከመቶ ከፍ አለ፤ በሆስፒታሉ የሚያዘው ሕሙም ቁጥርም ከ16.9 ወደ 9.9 ከመቶ ወረደ። በ2000 የታተመው ይኸው ጥናት ግን አንድ ነገር ሳይሸሽግ አስፍሯል፤ የተሻሻሉት ነርሶችና ረዳቶቻቸው ነበሩ፤ ሐኪሞቹ ብዙም አልተለወጡም። ከዜመልቫይስ በ150 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በአሜሪካ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በ2004 የተጀመረው ሥራ ደግሞ የማንቆርቆሪያውን ልጅ በትክክል ያስታውሰኛል። በጠና የታመሙ ሰዎች ትልቅ የደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ብዙዎችን ለደም መመረዝ ይዳርግ ነበር። ፒተር ፕሮኖቮስትና ባልደረቦቹ አምስት ነገሮች ብቻ ያሉበት ዝርዝር አዘጋጁ፦ እጅን ታጠብ፤ ሕሙሙን ሙሉ በሙሉ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍን፣ አንተም ጓንትና ካባ ልበስ፤ ቆዳውን በክሎርሄክሲዲን አጽዳ፤ ቱቦውን በተቻለ መጠን በጭኑ በኩል አታስገባ፤ የማያስፈልግ ሲሆን አውጣው። ከዝርዝሩ አንዱን የዘለለ ሐኪም ካለ ነርሷ ሥራውን እንድታስቆም ሥልጣን ተሰጣት። በ2006 እንደ ታተመው፣ ከ100 በላይ በሆኑ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች፣ በ1000 የቱቦ ቀናት መካከለኛ ቁጥሩ 2.7 የነበረው ኢንፌክሽን በሦስት ወር ውስጥ ወደ ዜሮ ወረደ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ አዲስ መሣሪያ አልተገዛም። አዲስ የሆነው ነርሷ «ይቁም» ማለት መቻሏ ነበር።

ይህ ሥርዓት በማይኖርበት፣ ዕቃውም በማይበቃበት ስፍራ የሚሆነውን ደግሞ አፍሪካ አይታዋለች። በ1976 በዛየር፣ በዛሬይቱ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ያምቡኩ በምትባል መንደር አንድ የሚስዮን ሆስፒታል ነበር። ነርሶቹ በየማለዳው አምስት የመርፌ ስሪንጅ ብቻ ይሰጣቸዋል፤ በእነዚያ አምስት ስሪንጆች ቀኑን ሙሉ ሕሙማንን ይወጋሉ፤ በሁለት ሕሙማን መካከል ለብ ባለ ውኃ ያለቀልቋቸዋል። ኢቦላ ሲገባ ሆስፒታሉ የበሽታው ማከፋፈያ ሆነ። ከ318 ሕሙማን 280ው ሞቱ፤ በመርፌ ከተያዙት አንድም የተረፈ የለም። ከ17ቱ የሆስፒታሉ ሠራተኞች 11ዱ ሞቱ። ወረርሽኙ እንዲበርድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሆስፒታሉ መዘጋቱ ነበር። እዚያ የሠሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ለነፍሳቸው ያደሩ ነበሩ። ቅንነት ግን መርፌ አይቀቅልም።

የእኛ ድርሻ

ይህን ሁሉ ለአገሬ ልጆች የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ተበትነን ከምንኖረው መካከል በሆስፒታልና በአረጋውያን ማቆያ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። አልጋ እናነጥፋለን፣ ወለል እንወለውላለን፣ አቅም ያጡትን እናጥባለን። አገር ቤት መምህር የነበረ ወይም የቢሮ ኃላፊ የነበረ ሰው ይህን ሥራ ሲሠራ፣ ለዘመዶቹ ሲጽፍ የሥራውን ዓይነት ይሸሽጋል። የሚያሳፍረው ግን ምኑ ነው? ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለው ብርቱ ተቅማጥ የሚያመጣ ተሕዋስ የእጅ ማጽጃው አልኮል አይገድለውም፤ እጅ በውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ክፍሉም እንደ በረኪና ባለ ብርቱ ማጽጃ መታሸት አለበት። በዚህ በሽታ የታመመ ሰው የለቀቀው ክፍል በደንብ ካልጸዳ፣ ቀጥሎ የሚተኛው ሰው ለአደጋ ይጋለጣል። የአልጋውን ብረት፣ የመጥሪያውን ደወል፣ የበሩን እጀታ ስናሽ፣ ማጽጃው የተጻፈለትን ደቂቃ ሳይቆይ እንዳይደርቅ ስንጠብቅ፣ የምናደርገው ነገር ከሐኪሙ ሥራ የተለየ አይደለም። ዜመልቫይስ ቢኖር ኖሮ እኛን ባልደረቦቼ ይለን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ይሉኝታችን ነው። የቪየናን ሐኪሞች ኩራት ያዛቸው፤ እኛን ደግሞ ይሉኝታ ይይዘናል። ሐኪም ወደ ታመመ አባታችን አልጋ ሲመጣ ብድግ ብለን እንቆማለን፤ መልካም ባሕል ነው። ነገር ግን «ዶክተር፣ እጅዎን ታጥበዋል?» ማለት ነውር ይመስለናል። በአሜሪካ ብዙ ሆስፒታሎች ሕሙማን እንዲጠይቁ የሚያበረታታ ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ ለጥፈዋል፤ የእኛ ሰው ግን አንብቦ ያልፈዋል። ጥያቄው በትሕትና ሊቀርብ ይችላል፤ በአክብሮት ማስታጠብን ከማን ተማርነው? እኛም ሕመምተኛ ልንጠይቅ በብዛት ስንሄድ፣ ጉንጭ ከመሳማችንና አልጋው ጫፍ ላይ ከመቀመጣችን በፊት እጃችንን ማጽዳት ይገባናል። ፍቅራችን ተሕዋስ ይዞ እንዳይገባ።

ሦስተኛው አገር ቤትን ይመለከታል። ማኅበሮቻችን ለተወለድንበት አውራጃ ጤና ጣቢያ ገንዘብ ሲያዋጡ፣ ብዙ ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው መሣሪያ ላይ ነው፤ ፎቶግራፍ ይነሣበታልና። በ2022 የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳስታወቁት፣ በዓለም ከሚገኙት የጤና ተቋማት ግማሽ ያህሉ በሕክምና መስጫ ክፍላቸውና በመጸዳጃ ቤታቸው ውኃና ሳሙና ወይም የእጅ ማጽጃ አልኮል አሟልተው አልተገኙም። እንግዲህ መሣሪያው ከመላኩ በፊት ጥያቄያችን ይህ ይሁን፦ ማዋለጃው ክፍል ቧንቧ አለው? ውኃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሳሙናውን የሚገዛው ማን ነው? ጓንቱ ሲያልቅ ምን ይደረጋል? ባለሙያውን «እጅህን ታጠብ» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ውኃ ሳይሰጡት ከሆነ ግን ግሣጼው ግፍ ነው።

የቪየና ሴቶች ተንበርክከው ያለቀሱት የሚሰማቸው ቢያጡ ነው። ቁጥሩ ተመዝግቦ ነበር፤ ውኃውም ክሎሪኑም በእጅ ነበር፤ ጎድሎ የነበረው የታናሹን ድምፅ የሚሰማ ጆሮና ጥፋቱን የሚቀበል ልብ ነበር። ዛሬ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ምጥ የያዛት እህታችን የዜመልቫይስን ስም አታውቅም፤ ማወቅም አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ወደ እርሷ የሚዘረጋው እጅ ታጥቦ እንዲመጣ ነው። ያን ቧንቧና ያን ሳሙና ማድረስ ከአቅማችን በላይ አይደለም።